ዱባና ቅል፦ ከስሜን ግርጌ የታየ የቡሄና የሃሎዊን ታሪክ



«ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል» ይላል የአገራችን ሰው። ሁለቱ በአንድ አጥር ላይ ሲሳቡ ሐረጋቸውም ቅጠላቸውም ይመሳሰላል። ፍሬያቸው ሲደርስ ግን አንዱ ወጥ ሆኖ ይበላል፤ ሌላው ተፈልፍሎና ደርቆ የውኃ፣ የወተት ወይም የጠላ ዕቃ ይሆናል። ዛሬ ስለ ሁለት የልጆች በዓላት ስናገር ይህን ምሳሌ መነሻ ያደረግሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በዓላቱ ከሩቅ ሲታዩ እንደ ዱባና ቅል ይመሳሰላሉ። ሁለተኛ፣ ዱባና ቅል ራሳቸው በምንነጋገርበት ታሪክ ውስጥ ቦታ አላቸው።

የመጀመሪያው በዓል ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው ቡሄ ነው። ሁለተኛው በምዕራባውያን አቈጣጠር ኦክቶበር 31፣ በእኛ ብዙውን ጊዜ ጥቅምት 21 ቀን የሚውለው ሃሎዊን ነው። በሁለቱም ልጆች ተሰባስበው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ በሁለቱም ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠይቃሉ፤ በሁለቱም እሳት ይበራል፤ በሁለቱም ቤተሰብ አስቀድሞ በእጁ የሚያሰናዳው ነገር አለ። በዚያኛው አገር እናት ከአሮጌ አንሶላ የሙት መንፈስ ልብስ ትሰፋለች፤ አባት ከልጆቹ ጋር ዱባ ፈልፍሎ ዓይንና አፍ ያወጣለታል። በእኛ አገር እናት ሙልሙል ትጋግራለች፤ ልጅ ጅራፍ ይገምዳል፤ አባት ችቦ ያስራል።

ጥያቄው ዛሬ የሚነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባ በአንዳንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶችና የመዝናኛ ቦታዎች የሃሎዊን ልብስና የተቀረጸ ዱባ መታየት ከጀመረ ቈይቷል። ከዚህ አካባቢ ወጥተው በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ይዙሩ ወይስ አይዙሩ የሚለውን በየዓመቱ መወሰን አለባቸው። በዚህ ላይ ሁለት መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው «የባዕድ ነገር ነው፣ አይነካካን» ይላል። ሌላው «ያው የእኛው ቡሄ ነው፣ ምን አለበት» ይላል። ሁለቱም መልሶች በዓሉን ከላይ ብቻ የሚያዩ ናቸው። የታሪክ ተማሪ ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነው፦ ልጆቹ የሚዞሩት በየትኛው ወቅት ነው? የሚሰጣቸው ነገር ከየት ይመጣል? የሚሰጣቸውስ ማን ነው? እኔ ዛሬ የምመልሰው እነዚህን ሦስቱን ነው፤ የምመልሰውም ከዳባት፣ ከደባርቅና ከስሜን ተራሮች ግርጌ ሆኜ ነው።

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ዳባትን አልፎ ደባርቅን ያገኛል፤ ከዚያም በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ቈላው ይወርዳል። ደባርቅ ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታም ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ነው። ከዚያ በስተምሥራቅ ያለው ምድር ከፍ እያለ ሄዶ ራስ ደጀን ላይ ከ4,500 ሜትር ያልፋል። በዚህ ደጋ የኑሮው መሠረት ገብስ ነው፤ ዝቅ ባለው በዳባት ዙሪያ ስንዴና ባቄላ ይታከሉበታል። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ይጸናል። ዋናው አዝመራ የሚሰበሰበው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው።

እንግዲህ ነሐሴን በዚህ የእርሻ አቈጣጠር ውስጥ እናስገባው። ነሐሴ ያለፈው ዓመት እህል ወደ ማለቁ የሚቃረብበት፣ የዘንድሮው ደግሞ ገና በማሳ ላይ አረንጓዴ የሆነበት ወር ነው። ጎተራ የሚጐድልበት፣ እናት ሊጥ ከማቡካቷ በፊት ዱቄቱን በዓይኗ የምትለካበት ወቅት ነው። ወንዝ ሞልቶ ገበያ ይርቃል። ጭጋግ ከገደሉ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ቤቶቹን ሸፍኖ ይውላል። ቡሄ የሚውለው በዚህ መካከል ነው።

የበዓሉ ሃይማኖታዊ መሠረት ለአብዛኞቻችሁ የታወቀ ነው። ክርስቶስ በደብረ ታቦር ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ቀን መታሰቢያ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት የብርሃኑ ጸዳል ሌሊቱን ቀን ስላስመሰለው እረኞች መምሸቱን ሳያውቁ በመስክ ቈዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ችቦውና ሙልሙሉ የዚህ መታሰቢያ ናቸው። የጅራፉ ጩኸትም በተራራው ላይ የተሰማውን ድምፅ ያመለክታል ይባላል። የስሙን ትርጉም አንዳንዶች ከብርሃንና ከገላጣነት፣ ሌሎች ከቡሖ፣ ማለትም ከሊጥ ጋር ያያይዙታል። ብርሃንና ሊጥ በአንድ ቃል ዙሪያ መገናኘታቸው ለበዓሉ የሚስማማ ነው።

ይህን በዓል ሌሎች የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትም ያከብሩታል። በግሪክ በዚህ ቀን የወይን ዘለላ ይባረካል፤ በሩስያ ፖም ይባረካል። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም የታወጀው ዘግይቶ፣ ጳጳስ ካሊስቶስ 3ኛ በ1457 እ.ኤ.አ. በወሰኑት መሠረት ነው። በግሪክና በሩስያ በዓሉ የአዲስ ፍሬ በዓል ሆኗል፤ በዚያ ወቅት ፍሬው ደርሷልና። በእኛ ደጋ ግን አዲስ ፍሬ የለም። የሚቀርበው ካለፈው ዓመት እህል የተጋገረ ዳቦ ነው። ቀኑ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ቅቤም ወተትም አይገባበትም። ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾና እሳት ብቻ ነው። ድኃ ቤትም ሊያደርገው የሚችል ድግስ ነው፤ ሆኖም ለድኃ ቤት ቀላል አይደለም።

የሙልሙሉ አሰጣጥ ሥርዓት አለው። የቤቱ ልጆች በየስማቸው ይደርሳቸዋል። ለክርስትና ልጅ ይላካል፤ ለዘመድና ለጎረቤት ይዳረሳል። ከዚህ በኋላ ሆያ ሆዬ እያሉ ለሚመጡት የሰፈር ልጆች የሚሆነው ይቀመጣል። ልጆቹ ሲመጡ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ምቱን ይጠብቃሉ። በመጀመሪያ የቤቱን ጌታና እመቤት ያወድሳሉ። መልሱ ከዘገየ ቀልድ ያዘለ ወቀሳ ይጨምራሉ። ሲሰጣቸው መርቀው ይሄዳሉ። ውዳሴ፣ ወቀሳ፣ ምርቃት፦ እነዚህ ሦስቱ ልጆች በዓመት ጥቂት ቀናት የሚይዙት ሥልጣን ናቸው። በሌላ ቀን ትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ የሚቆም ልጅ በዚያ ሰሞን የቤትን ለጋስነት በአደባባይ ይመዝናል።

በዚህ አካባቢ ደጃፍ ላይ ቆሞ መጠየቅ የልጆች ጨዋታ ብቻ እንዳልነበረም ማስታወስ ይገባል። ጎንደርና አካባቢው የአብነት ትምህርት ማእከል በመሆኑ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውኃው ቅል ይዞ በየቤቱ ሲዞር ኖሯል። ቅኔውና ዜማው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው ከየቤቱ በተሰጠው ቁራሽ ነው። ስለዚህ የቡሄ ልጅ ደጃፍ ላይ ሲቆም ያገሩ ሰው ቀድሞ በሚያውቀው ቦታ ይቆማል፤ ባለቤቲቱም መስጠትን የምታውቅ ናት።

አሁን ወደ ሃሎዊን እንሻገር። የጥንት መነሻው በአየርላንድና በስኮትላንድ የነበረው ሳውን የተባለ በዓል እንደሆነ ይነገራል፤ እርሱም የመኸር መጨረሻና የክረምት መግቢያ ነበር። ከብቶች ከግጦሽ ይመለሳሉ፣ እህል ጎተራ ገብቷል፣ ሌሊቱ ይረዝማል። በክርስትናው በኩል በዘጠነኛው መቶ ዓመት ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ ሆኖ ጸና። በ1000 እ.ኤ.አ. ገደማ ደግሞ የክሉኒው አበምኔት ኦዲሎ ኖቬምበር 2ን የሙታን መታሰቢያ አድርጎ በገዳማቱ አስጀመረ። ሃሎዊን የሚለው ስምም የቅዱሳን ዋዜማ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ድኆችና ልጆች በዚህ ሰሞን በየቤቱ እየዞሩ ለሙታን ነፍስ እንደሚጸልዩ ይናገሩ ነበር፤ ባለቤቶቹም ለዚሁ የተጋገረ ትንሽ ቂጣ ይሰጧቸው ነበር። ለእኛ ይህ ባዕድ አይደለም፤ ተዝካርና የነዳያን ምግብ የምናውቅ ሕዝብ ነንና።

አየርላንዳውያን በዚህ ሌሊት እንደ ቀይ ሥር ያለ የሥር አትክልት ፈልፍለው መብራት ያደርጉ ነበር። በ1845 እ.ኤ.አ. የድንች በሽታ አገራቸውን መታ። እስከ 1852 በዘለቀው ረኃብ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ ከዚያ ያላነሰ ደግሞ ተሰደደ፤ ብዙው አሜሪካ ገባ። ስደተኞቹ የያዙት ልማድ በአዲሱ አገር ዱባን አገኘ። ዱባ የአሜሪካ ተወላጅ ተክል ነው፤ ትልቅ ነው፣ ልቡ ለስላሳ ነው፣ ለመፈልፈልም ይቀላል። ዛሬ የሃሎዊን ምልክት አድርገን የምናየው የሚስቅ ዱባ እንዲህ የረኃብ ስደተኞች ልማድና የአዲስ አገር ሰብል የተገናኙበት ነው።

ያ የአሜሪካ ዱባ ወደ እኛ የመጣው ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው። ቅል ግን የአፍሪካ ጥንታዊ ተክል ነው። በእኛም ባህል ፍሬ መፈልፈል አለ፤ የምንፈለፍለው ግን ቅልን ነው፤ አንገቱን ቆርጠን፣ ፍሬውን አውጥተን፣ አድርቀን ዕቃ እናደርገዋለን። ዱባን የሚቀርጸው የለም፤ የጾም ወጥ ነው፣ ፍሬውም ተቈልቶ ይበላል። መስከረምና ጥቅምት ላይ አዝመራ ሳይደርስ ዱባ ቤተሰብ ደግፎ ያሻግራል። በዚህ ወቅት ዱባ ለጌጥ ፈልፍሎ ደጃፍ ላይ ማስቀመጥ ለስሜን እናት የሚገባት ነገር አይደለም።

ከዚህ ወደ ዋናው ነጥቤ እደርሳለሁ። ሃሎዊን መኸር ከገባ በኋላ፣ ጎተራው ሙሉ ሳለ የሚከበር በዓል ነው። ቡሄ ከመኸር በፊት፣ ጎተራው ሊሟጠጥ ሲል የሚከበር ነው። አንዱ ከትርፍ ይሰጣል፤ ሌላው ከመጨረሻው ይሰጣል። አንዱ ወደ ጨለማው ወቅት መግቢያ ላይ ቆሞ ፍርሃቱን በጨዋታ ያባብላል፤ ሌላው ከጭጋጉ መውጫ ላይ ቆሞ ቀኑ ሊፈካ መሆኑን ያበሥራል። «ቡሄ ከዋለ ክረምት የለም» የሚለው ብሂል የአየር ሁኔታ ትንበያ ብቻ አይደለም። በስሜን ደጋ ዝናቡ ከቡሄ በኋላም እንደሚዘንብ ማንም ያውቃል። ብሂሉ የሚናገረው «ይህን ካለፍን እናልፋለን» የሚለውን ነው።

የመጨረሻው እህል ለምን ለሰፈር ልጅ ይሰጣል? በደጋው ኑሮ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ እኩል አይቸገርም። የአንዱ ገብስ በውርጭ ሲመታ የሌላው ይተርፋል። የልጆቹ መዞር ያለውን ከሌለው ጋር ማንም ሳያፍር ያገናኛል። እናቱ ዱቄት ያለቀባት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ዘፍኖ ዳቦ ይዞ ይገባል፤ አልለመነም፣ ሆያ ሆዬ ብሏል። ይህን ሥርዓት በክፉ ቀን ታሪክ አንጻር ማየት ያስፈልጋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በደረሰው የከብት እልቂትና ረኃብ በሬ አለቀ፣ ማሳ ጦም አደረ፤ የጎንደር ምድር ደግሞ በጥር 1880 በመሐዲስቶች ወረራ ከተማውና አብያተ ክርስቲያኑ ተቃጥለውበት ነበር። እንዲህ ያለ መታሰቢያ ያለው ሕዝብ በነሐሴ ዳቦ መስጠትን የልጅ ነገር ብሎ አይንቅም።

ሌላው ልዩነት የልብሱ ነው። የሃሎዊን ልጅ ፊቱን ይሸፍናል። ጨዋታው የሚሠራው ማንነቱ ሲጠፋ ነው። የቡሄ ልጅ የእረኛ ልብሱን እንደለበሰ፣ ደበሎውን ወይም ከዝናብ የሚያስጠልለውን ገሳ እንደደረበ ይመጣል። ባለቤቲቱ ድምፁን ለይታ «የእገሌ ልጅ» ትለዋለች። ምርቃቱም ወቀሳውም ትርጉም የሚኖረው ስለሚተዋወቁ ነው። አንደኛው በዓል ለአንድ ሌሊት መታወቅን ይተዋል፤ ሌላው መታወቅን ያድሳል።

እነዚህ ልዩነቶች እንዳሉ ሆነው ግን የሃሎዊን የ20ኛው መቶ ዓመት ታሪክ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። በየቤቱ መዞር በሰሜን አሜሪካ የተስፋፋው በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኳር በራሽን ሲታደል ልማዱ ቀዘቀዘ፤ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና አንሰራራ። በመጀመሪያ ልጆቹ የሚሰጣቸው ፖም፣ ለውዝና በቤት የተጋገረ ብስኩት ነበር። ልብሳቸውም በቤት የተሰፋ ነበር። ቀስ በቀስ የተሰፋውን ልብስ የሱቅ ልብስ ተካው፤ የተጋገረውንም የታሸገ ከረሜላ ተካው።

ይህ ለውጥ የገበያ ሥራ ብቻ አልነበረም። በ1970ዎቹ «እንግዳ ሰው ለልጆች መርዝ ወይም ምላጭ የተደበቀበት ጣፋጭ ይሰጣል» የሚል ፍርሃት በአገሩ ሁሉ ተሠራጨ። በ1974 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ አንድ ልጅ በእርግጥ ተመርዞ ሞተ፤ መራዡ ግን የገዛ አባቱ ሆኖ ተገኘ። ጆኤል ቤስት የተባሉ የሥነ ማኅበረሰብ ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ1958 ጀምሮ የተዘገቡትን ክሶች መረመሩ። እንግዳ ሰው በሰጠው ጣፋጭ የሞተ ወይም ክፉኛ የተጐዳ ልጅ አላገኙም። ፍርሃቱ ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር። በጎረቤት እጅ የተጋገረ ነገር የሚጣል፣ በፋብሪካ የታሸገ ነገር የሚታመን ሆነ። ከልማዱ የጠፋው ብስኩቱ አይደለም፤ ጎረቤትን ማመን ነው።

ይህን ይዘን ወደ ራሳችን እንመለስ። በከተሞቻችን የሆያ ሆዬ ልጆች ሙልሙል ሳይሆን ገንዘብ ይጠብቃሉ። ጅራፉን ርችት ተክቶታል። ሙልሙሉም ከዳቦ ቤት ይገዛል። በመንገድ ዳር ያደጉት ዳባትና ደባርቅም ከዚህ ለውጥ ውጭ አይደሉም። ይህን በቁጭት ብቻ ማየት የታሪክ ሥራ አይደለም። ኪራይ ቤት የምትኖር፣ ዱቄት በኪሎ የምትገዛ እናት ሳንቲም መስጠቷ የሚያስነቅፍ አይደለም። ሳንቲም ግን ሙልሙል የሚሠራውን አይሠራም። ሙልሙል የሰጪዋን ድካም ይዞ ይሄዳል፤ በበላው ልጅ አፍ ውስጥም የእርሷ እጅ ይታወቃል። ሳንቲም ከማንም እጅ ቢወጣ አንድ ነው። ስለዚህ «ሃሎዊን ቡሄን ያጠፋዋል ወይ?» ብሎ መጨነቅ ጥያቄውን ማሳሳት ይመስለኛል። ቡሄን ሊያጠፋው የሚችለው ሃሎዊንን ቀድሞ ያገኘው ነገር ነው፤ ይኸውም ቤት የሚሠራው እየቀረ መምጣቱና በሮች በጥርጣሬ መዘጋታቸው ነው።

በሮች መዘጋታቸውን ስል በዚህ አካባቢ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ፣ በቡሄ ሰሞን፣ የሰሜኑ ጦርነት ወደዚህ ምድር ደረሰ። ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው የተፈናቀለ ሕዝብ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ጐረፈ። በዚያው ወር መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሲቪሎች ተገደሉ። በዚሁ ዓመት ከኤርትራ የመጡ ስደተኞች የሚጠለሉበት የዓለምዋጭ መጠለያ በዳባት አጠገብ ተከፈተ። እህል በሚጐድልበት ወር፣ ጦርነት በደረሰበት ወረዳ፣ ስሙን የማያውቁት ሰው ደጃፍ ላይ ቆመ። ቡሄ በየዓመቱ በልጆች ጨዋታ የሚያስተምረው ጥያቄ ያን ጊዜ ያለ ጨዋታ መጣ፦ ካለቀው ጎተራ ለማን ትሰጣለህ?

ልጅ ሳለ የመጨረሻው ዱቄት ለጎረቤት ልጅ ሲጋገር ያየ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልገው ከባዶ ተነሥቶ አይደለም። ልማድ ሰውን ደግ አያደርገውም፤ ደግነት በሚያስፈልግበት ቀን ግን እጅ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። የእነዚህ ቀናት ዋጋ በዚህ ይለካል።

ወላጆችን በሚመለከት፣ በባዕድ አገር ያለ ቤተሰብ ልጁን በጥቅምት ቢያዞር ወይም ባያዞር ውሳኔው የእርሱ ነው። ልጁ ግን በነሐሴ በእጁ ሊጥ ነክቶ፣ ዳቦውን ለጎረቤቱ በራሱ እግር ያደርስ። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ልጅ ዱባውን ከቅሉ አያምታታም።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ ሥራ አለ። ዜና መዋዕሎቻችን የነገሥታትን ዘመቻ ይዘግባሉ፤ ሙልሙል የጋገረችን እናት አይጠቅሱም። በዳባት፣ በደባርቅና በስሜን ቀበሌዎች ያሉ እናቶችና አባቶች ግን አሁንም አሉ። በምን እህል ይጋገር እንደነበረ፣ ድርቅ በመታበት ዓመት ምን እንደተደረገ፣ ጅራፉ ከምን ልጥ እንደሚገመድ፣ ለማን ስንት እንደሚላክ፣ ክርስቲያን ካልሆነው ጎረቤት ጋር በዓሉ እንዴት እንደሚካፈል ጠይቋቸው። መልሱን በስማቸው ፈቃድ፣ በራሳቸው አነጋገር መዝግቡ። ቀጣዩ ቡሄ ከመድረሱ በፊት እያንዳንዳችሁ አንድ ቤት ብታንኳኩ ይህ የትምህርት ክፍል ዛሬ የሌለው መዝገብ ይኖረዋል።